ወረፋው የት ይቀመጥ? በዩኒክስ ለሚያትሙ የጅማ ኮፒ ቤቶችና ቢሮዎች የንጽጽር መመሪያ

ሰኔ ሲገባ በጅማ ዩኒቨርሲቲ በሮች አካባቢ ያሉ ኮፒ ቤቶች እረፍት የላቸውም። ተመራቂው ሪሰርቹን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። መምህሩ የፈተና ወረቀት ያመጣል። የቡና ነጋዴው ጸሐፊ ነገ ጠዋት የሚገባ የጨረታ ሰነድ አለባት። ፕሪንተሩ አንድ፣ ኮምፒውተሩ ሦስት፣ ሰው ደግሞ እስከ በር ድረስ። በዚህ መሃል መብራት ይሄዳል።

መብራቱ ሲመለስ ምን ይሆናል? የማን ሥራ ወጣ? የማን ጠፋ? የማንስ ሁለት ጊዜ ወጣ? የኅትመት ሥርዓት ስትመርጡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን የትኛውም ሥርዓት ያትማል። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ነገር ሲቆም ነው።

ይህ መመሪያ ሊኑክስ፣ ማክ ወይም ሌላ የዩኒክስ ቤተሰብ የሆነ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ለሚጠቀሙ ወይም አንድ ሊኑክስ ኮምፒውተር ለኅትመት ለመመደብ ለሚያስቡ ነው። የትዕዛዞቹን ስም በሚነበቡበት መንገድ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ስትተይቧቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በቀጥታ መላክ ነው። ፕሪንተሩ የኔትወርክ ገመድ ወይም ዋይፋይ ካለው እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ይልክለታል። አብዛኛው የኔትወርክ ፕሪንተር ለዚህ ፖርት (ቁጥር ያለው የኔትወርክ መግቢያ) 9100ን ይከፍታል። ኤችፒ በጄትዳይሬክት ካርዶቹ ያስለመደው መንገድ ነው። ለመትከል ቀላል ነው፣ ሰርቨርም አይፈልግም። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካላችሁ ከዚህ በላይ አትድከሙ።

ችግሩ የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ሲበዛ ነው። ወረፋው ተበትኗል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ትንሽ ወረፋ ይይዛል፣ ፕሪንተሩም የደረሰውን በሜሞሪው ያስቀምጣል። ማን ከማን እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለችው ልጅ የአንደኛውን ሥራ ማየትም ማቆምም አትችልም። በዚያ ላይ ይህ መንገድ መረጃውን ወደ ፕሪንተሩ ከመግፋት አልፎ «ይህ ሥራ ተጠናቆ ወጥቷል» የሚል አስተማማኝ መልስ አያመጣም። መብራት ሲጠፋ በፕሪንተሩ ሜሞሪ የነበረው አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ግን «ልኬ ጨርሻለሁ» ብሎ ሥራውን ከዝርዝሩ አውጥቶት ሊሆን ይችላል። ደንበኛው «ከፍዬ ነበር እኮ» ሲል የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

ሁለተኛው መንገድ «ኤልፒዲ» የሚባለው የቆየው የበርክሌይ ዩኒክስ (ቢኤስዲ) የኅትመት ሥርዓት ነው። የሚነጋገርበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1990 አርኤፍሲ 1179 በሚባል የኢንተርኔት ሰነድ በጽሑፍ ወጣ። ፖርቱ 515 ነው። የቢኤስዲ ልጆች የሆኑት ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ዛሬም ከነሱ ጋር ይዘውት ይመጣሉ። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሥራውን ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ መብራት ቢጠፋም ወረፋው ይተርፋል። «ፕሪንትካፕ» በሚባል አንድ ፋይል ይተዳደራል።

ግን ፒዲኤፍን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ የሚቀይር ነገር አብሮት አይመጣም። ፕሪንተሩ ፖስትስክሪፕት የተባለውን የገጽ ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ እሰየው። ርካሽ ሌዘር ከሆነ ማጣሪያውን (የሚቀይረውን ፕሮግራም) ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማገናኘት አለባችሁ። ሌላም ወጥመድ አለው። በቆየው ቢኤስዲ የአንድ ፋይል ጣራ 1000 ብሎክ ነበር። ፎቶ የበዛበት ሪሰርች ይህን በቀላሉ ያልፋል። ፕሪንትካፕ ውስጥ «ኤምኤክስ» የሚለውን ዜሮ ካደረጋችሁት ጣራው ይነሳል። ፍሪቢኤስዲን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ ይህን መንገድ አልመክርም።

ሦስተኛው «ካፕስ» ነው። ማይክል ስዊት ኢዚ ሶፍትዌር ፕሮዳክትስ በሚባለው ድርጅቱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣው። አፕል በ2002 ማክ ኦኤስ ቴን 10.2 ላይ አስገባው፣ በ2007 ደግሞ ኮዱን ገዛው። ስዊት በ2019 መጨረሻ አፕልን ከለቀቀ በኋላ ሥራው ኦፕንፕሪንቲንግ በሚባለው ፕሮጀክት በኩል ቀጥሏል። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ የምታገኙት ካፕስን ነው። የሚነጋገረው «አይፒፒ» በተባለው ደንብ፣ በፖርት 631 ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር ይሰጣል። ፋይሉን ዲስክ ላይ፣ በ/ቫር/ስፑል/ካፕስ ውስጥ ያስቀምጣል። ፒዲኤፉን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ ራሱ ይቀይራል። ሁለቱንም የቆዩ የዩኒክስ የትዕዛዝ ቤተሰቦች፣ የበርክሌይንም የሲስተም ፋይቭንም፣ ይረዳል። በብሮውዘር የሚከፈት መቆጣጠሪያ ገጽም አለው።

ሁለትና ከዚያ በላይ ኮምፒውተር ካላችሁ የእኔ ምርጫ አንድ ማሽን ላይ የተቀመጠ ካፕስ ነው። «አንድ ማሽን ላይ» ያልኩት በምክንያት ነው። ካፕስን በየኮምፒውተሩ ጭናችሁ ሁሉም በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ እንዲልክ ካደረጋችሁ ወደ መጀመሪያው መንገድ ተመልሳችኋል። ወረፋው አሁንም የተበተነ ነው። ስሙ ብቻ ተቀየረ። ጥቅሙ የሚገኘው ሁሉም ኮምፒውተሮች ወደ አንድ ሰርቨር ሲልኩና ከፕሪንተሩ ጋር የሚነጋገረው ሰርቨሩ ብቻ ሲሆን ነው። ዊንዶውስ ያላቸውም በአይፒፒ አድራሻ ሊገቡበት ይችላሉ።

ሰርቨሩ ምን ይሁን?

ለዚህ ሥራ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። ሦስት ነገር ይታሰባል፤ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ትንሽ ቦርድ፣ ወይም አሮጌ ላፕቶፕ። ዴስክቶፑ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዩፒኤስ ይፈልጋል። ትንሿ ቦርድ መብራት አትበላም፣ ግን በሚሞሪ ካርድ ነው የምትሠራው። ካርዱ ላይ እየጻፈች ሳለ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው ገና ያልደከመ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ዩፒኤሱን በሆዱ ይዟል። እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

ሌዘር ፕሪንተሩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩት። ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ ብዙ ኃይል በአንዴ ይስባል። ዩፒኤሱ አይችለውም። ፕሪንተሩ ይጥፋ፣ ወረፋው ግን ይትረፍ። ማዳን ያለባችሁ ወረፋውን ነው።

ፕሪንተሩ መሃል ላይ ሲቆም

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ፕሪንተሩ 80 ገጽ እያወጣ 40ኛው ላይ መብራት ሄደ እንበል። ወይም ወረቀት ጎረሰ። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። በክረምት ተከፍቶ የሚያድር ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ውስጥም ይይዛል። አንዴ የተከፈተ ደስጣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቢያድር ይህ በጣም ይቀንሳል።

ካፕስ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የስህተት ፖሊሲው ነው። አራት አማራጭ አለው፣ ለእያንዳንዱ ፕሪንተርም ለየብቻ ይመረጣል።

«ስቶፕ-ፕሪንተር» ወረፋውን ያቆማል፣ ሥራውንም ይይዛል። ሰው መጥቶ እስኪያስነሳው ድረስ ምንም አይወጣም። «ሪትራይ-ጆብ» ሥራውን ወደ ጎን ብሎ ቆይቶ ይሞክረዋል፣ ሌሎቹ ያልፋሉ። «ሪትራይ-ከረንት-ጆብ» ያንኑ ሥራ እፊት እንዳለ ወዲያው ይሞክራል፣ ሌላ አያሳልፍም። «አቦርት-ጆብ» ሥራውን ጥሎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

ለኮፒ ቤት ስቶፕ-ፕሪንተር ይሻላል። ግማሹ የወጣ ሪሰርች የሰው ውሳኔ ይፈልጋል። ማሽኑ ብቻውን እንዲወስን ከተተወ ተማሪው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ወይም እናንተ ትከስራላችሁ። ፕሪንተሩ አጠገብ ሁልጊዜ ሰው ስላለ ማቆሙ ጉዳት የለውም።

ለቢሮ ግን ነገሩ ይለያል። ፕሪንተሩ ኮሪደር ላይ ነው፣ የሚያየው የለም። አንዴ ከቆመ ሠራተኛው ሁሉ እየላከ ይሰበስብበታል። እዚያ ሪትራይ-ጆብ የተሻለ ነው። ካልነካችሁት በየ300 ሰከንዱ፣ እስከ 5 ጊዜ ይሞክራል። ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። የመብራቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ይህ እንደማይበቃ ያውቃል። «ጆብሪትራይሊሚት» የሚለውን «ካፕስዲ ዶት ኮንፍ» ፋይል ውስጥ ከፍ አድርጉት። አቦርት-ጆብን ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ ላይ በፍጹም አታድርጉ። ዝም ብሎ ይጥላል፣ ደንበኛውም ተራውን ሲጠብቅ ይውላል።

ፖሊሲውን የምትቀይሩት በ«ኤልፒአድሚን» ነው። «-ፒ» ብላችሁ የፕሪንተሩን ስም፣ ቀጥሎ «-ኦ» ብላችሁ «ፕሪንተር-ኤረር-ፖሊሲ=ስቶፕ-ፕሪንተር»።

አንድ ነገር ግን ከአራቱም ጋር አብሮ ይመጣል። የተቋረጠ ሥራ እንደገና ሲነሳ ከመጀመሪያው ገጽ ነው የሚጀምረው። ካፕስ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደቆመ አስታውሶ ከዚያ አይቀጥልም። ስለዚህ ፕሪንተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የወጣውን ቁጠሩ። ከዚያ ሥራውን ያዙትና የቀረውን ብቻ እንዲያወጣ ንገሩት። የሥራው ቁጥር 45 ከሆነ፣ «ኤልፒ -አይ 45 -ኤች ሆልድ» ይይዘዋል። እዚህ ኤች ትልቅ ፊደል ነው። ቀጥሎ «ኤልፒ -አይ 45 -ፒ 41-80» ገጾቹን ይወስናል። ፒውም ትልቅ ነው። ከዚያ «ኤልፒ -አይ 45 -ኤች ሪዙም»። ይህን ሰኔ ሳይደርስ በትርፍ ወረቀት ሞክሩት። ሳይቃጠል በቅጠል።

ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ይህ ሞዴል ፈርምዌሩን፣ ማለትም የራሱን ማሠሪያ ፕሮግራም፣ በውስጡ አይዝም። ጠፍቶ በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ እንደገና ሊጭንለት ይገባል። ሊኑክስ ላይ የኤችፒ ሶፍትዌርና ተጨማሪው ፕለጊን በትክክል ከተጫኑ በራሱ ያደርገዋል። ካልሆነ ግን መብራት ተመልሶ፣ አረንጓዴው በርቶ፣ ምንም ሳይወጣ ይቀራል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ፕሪንተሩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። ጉዳዩ ያ ላይሆን ይችላል።

ማቆም እና መዝጋት

ወረፋ ሁለት ጫፍ አለው። ዳቦ ቤት አስቡ። ሻጩ ለጊዜው መሸጥ ሊያቆም ይችላል፣ ሰው ግን መሰለፉን ይቀጥላል። ወይም «ከዚህ በኋላ አትሰለፉ» ሊል ይችላል፣ የተሰለፉት ግን ይስተናገዳሉ። ኅትመትም እንዲሁ ነው። ፕሪንተሩን ማቆም አንድ ነገር ነው፣ ወረፋውን መዝጋት ሌላ።

በካፕስ «ካፕስዲስኤብል» ፕሪንተሩን ያቆማል፣ አዲስ ሥራ ግን ይገባል። «ካፕስሪጀክት» አዲስ ሥራ አይቀበልም፣ ያለው ግን ይወጣል። መልሳችሁ የምትከፍቱት በ«ካፕስኢኔብል» እና በ«ካፕስአክሰፕት» ነው። ቶነር ልትቀይሩ ከሆነ አቁሙ፣ ሰው ሥራውን እየላከ ይቆይ። ሊመሽ ሲል ልትዘጉ ከሆነ ደግሞ አዲስ መቀበሉን ዝጉ፣ ያለው ይለቅ። ስታቆሙ በ«-አር» ምክንያቱን ጻፉ። «ኤልፒስታት -ፒ» የሚል ሁሉ ያየዋል፣ እናንተም በየደቂቃው አትጠየቁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ጋ ነው። በሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ «ዲስኤብል» ፕሪንተሩን ያቆማል። በበርክሌይ «ኤልፒሲ» ውስጥ ግን ያው «ዲስኤብል» የሚዘጋው ወረፋውን ነው፣ ፕሪንተሩን የሚያቆመው «ስቶፕ» ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ሥራ። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ትዕዛዝ ከመገልበጣችሁ በፊት ስለየትኛው ቤተሰብ እንደሚያወራ እዩ። ካፕስ ላይ ያለው ኤልፒሲ ደግሞ በጣም የተወሰነ ነው። ሁኔታ ከማሳየት ያለፈ ብዙ አይሠራም፣ ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ ይዛችሁ በሱ ፕሪንተር ለማቆም አትሞክሩ።

ኤልፒ ወይስ ኤልፒአር?

ካፕስ ሁለቱንም ስለሚረዳ ምርጫው የእናንተ ነው። «ኤልፒአር»፣ «ኤልፒኪው» እና «ኤልፒአርኤም» የበርክሌይ ናቸው፤ መላኪያ፣ ማያ፣ መሰረዣ። «ኤልፒ»፣ «ኤልፒስታት» እና «ካንስል» የሲስተም ፋይቭ ናቸው፤ ሥራቸው ተመሳሳይ ነው።

እኔ ኤልፒን ተማሩ እላለሁ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ከተላከ በኋላ ያለን ሥራ መቀየር የሚችለው ኤልፒ ነው። ከላይ ያያችሁት «-አይ» ኤልፒአር ላይ የለም። መያዝ፣ መልቀቅ፣ ቅድሚያ መስጠት፣ ገጽ መወሰን ሁሉ በእሱ ይሄዳል። ከበርክሌይ ወገን ኤልፒኪው ብቻ ይጠቅማችኋል። ወረፋውን አጠር አድርጎ ያሳያል፣ «+10» ካላችሁት ደግሞ ወረፋው ባዶ እስኪሆን በየ10 ሰከንዱ እያደሰ ያሳያችኋል።

ሁለቱን ስትቀላቅሉ ተጠንቀቁ። ለኤልፒአር ትልቁ «-ፒ» የፕሪንተር ስም ነው። ለኤልፒ ትልቁ «-ፒ» የገጽ ቁጥር ነው፣ የፕሪንተር ስም «-ዲ» ነው። የቅጂ ብዛት ለኤልፒ «-ኤን» ነው። ለኤልፒአር የመሰላል ምልክቷ ናት።

ቅድሚያ መስጠትም ወጥመድ አለው። በካፕስ ቅድሚያ ከ1 እስከ 100 ነው፣ ካልነካችሁት 50 ነው፣ ትልቁ ቁጥር ይቀድማል። በቆየው ሲስተም ፋይቭ ግን ከ0 እስከ 39 ነው፣ የሚቀድመውም 0 ነው። ዛሬ ከሰዓት ዲፌንስ ያለበት ተማሪ ሲመጣ «ኤልፒ -አይ 45 -ኪው 100» ብላችሁ ታስቀድሙታላችሁ። ለዚህ ዓይነቱ እውነተኛ ችኮላ ተዉት። ለወዳጅ ሁሉ 100 መስጠት ከጀመራችሁ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል፣ የተሰለፈው ሰውም ያያችኋል።

በሰዓት ማስያዝም ይቻላል። ትልቅ ሥራ ደንበኛ ሲያልቅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይውጣ ብትሉ፣ ትልቁን «-ኤች» ብላችሁ ሰዓት ትሰጡታላችሁ። ግን ኤልፒ የሚያነበው የእኛን ሰዓት አይደለም። የኮምፒውተሩንም የአገር ውስጥ ሰዓት አይደለም። ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ እኛ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ማታ 2 ሰዓት በኮምፒውተሩ 20:00 ነው። የምትጽፉት ግን 17:00 ነው። 20:00 ከጻፋችሁ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ያኔ ሱቁ ተዘግቷል።

መሰረዝ፣ መያዝ ወይስ ማዛወር?

ፕሪንተር ሲበላሽ የብዙዎች የመጀመሪያ እርምጃ ሁሉንም መሰረዝ ነው። የመጨረሻው እርምጃ መሆን ነበረበት። «ካንስል -ኤ» ያለ ፕሪንተር ስም ከተሰጠ የሁሉንም ፕሪንተር ሥራ ይሰርዛል። ሁልጊዜ ስሙን ጨምሩ። አንድ ሥራ ብቻ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ስጡ። ከሰረዛችሁ በኋላም ገጽ መውጣቱን ቢቀጥል አትደንግጡ። ፕሪንተሩ ሜሞሪ ውስጥ የገባውን ነው የሚያወጣው። እዚያው ማሽኑ ላይ ያለውን መሰረዣ ቁልፍ ተጫኑ።

ሁለተኛ ፕሪንተር ካላችሁ ከመሰረዝ ይልቅ አዛውሩ። «ኤልፒሙቭ» ካላችሁ በኋላ የአሮጌውንና የአዲሱን ስም ስትሰጡት ሙሉ ወረፋው ይሄዳል። ካፕስ ፋይሉን በመጣበት መልክ ስለሚያስቀምጥና የሚቀይረው ሊያትም ሲል ስለሆነ፣ ሁለቱ ፕሪንተሮች የተለያየ ሞዴል ቢሆኑም ይሠራል። የማይሠራው ዊንዶውሱ በአምራቹ ድራይቨር አስቀድሞ ለአንዱ ሞዴል አዘጋጅቶ ከላከው ነው። ያኔ ሌላው ማሽን የማይነበብ ምልክት በየገጹ ያወጣል፣ ወረቀቱም ያልቃል። ስለዚህ ዊንዶውሶቹ በአምራቹ ድራይቨር ሳይሆን በፖስትስክሪፕት ወይም በአይፒፒ እንዲልኩ አድርጓቸው።

ሁለት አንድ ዓይነት ፕሪንተሮች ጎን ለጎን ካሉ «ክላስ» የሚባለውን፣ ማለትም ሁለቱን በአንድ ወረፋ ስም ማሰባሰብን፣ ማድረግ ይቻላል። ሥራው በዚያ ሰዓት ሥራ ወዳልያዘው ፕሪንተር ይሄዳል። ለኮፒ ቤት ጥሩ ነው። ፕሪንተሮቹ በሁለት ፎቅ ከተቀመጡ ግን ይቅርባችሁ። ሰው ወረቀቱን ፍለጋ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በተቃራኒው ለአንድ ፕሪንተር ሁለት ወረፋ መክፈትም ጥሩ ዘዴ ነው። አንዱን ለረቂቅ በወረቀቱ በሁለቱም ፊት፣ ሌላውን ለመጨረሻ ቅጂ በአንድ ፊት አድርጋችሁ ስም ስጧቸው። ሠራተኛዋ በየጊዜው ቅንብር ከመቀየር ትገላገላለች።

ፈተና የምታትሙ ከሆነ

ካፕስ ያተመውን ፋይል ወዲያው አይጥልም። ካልነካችሁት ለ86400 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ቀን ዲስኩ ላይ ያቆየዋል። ለኮፒ ቤት ይህ ጥሩ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ «አንድ ቅጂ ጨምሩልኝ» ብሎ ለሚመጣ «ኤልፒ -አይ» ብላችሁ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ በትልቁ ኤች «-ኤች ሪስታርት» ትሰጣላችሁ። ፍላሽ እንደገና መክፈት የለም፣ ቫይረስም የለም።

ለትምህርት ቤት ወይም ለዲፓርትመንት ግን ያው ልማድ አደገኛ ነው። የፈተናው ወረቀት ከታተመ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ያድራል። የሰርቨሩን ሩት ፓስዎርድ የሚያውቅ ሁሉ ሊያወጣው ይችላል። «ፕሪዘርቭጆብፋይልስ» የሚለውን «ኖ» አድርጉት። የምትሰርዙትንም በ«ካንስል -ኤክስ» ሰርዙ፣ ፋይሉ አብሮ ይጠፋል። ፈተናውን ስትልኩ ደግሞ ተይዞ እንዲገባ አድርጉ፣ መምህሩ ፕሪንተሩ አጠገብ ሲቆም ልቀቁት። ፈተናና የደንበኛ ሥራ በአንድ ሰርቨር የሚያትም ካለ ለሁለቱ የሚስማማ ቅንብር የለም። እኔ ሁልጊዜ ለፈተናው አደላለሁ። የደንበኛ ፍላሽ እንደገና ቢከፈት ትንሽ ጊዜ ነው የሚባክነው፤ ፈተና ከወጣ ግን የሚጎዳው ሌሊቱን ሲያጠና ያደረው ልጅ ነው።

ገጽ ስለመቁጠር

ካፕስ ገጽ መዝግቦ ያስቀምጣል፣ ግን በአዲሶቹ ስሪቶች «ፔጅሎግፎርማት»ን ራሳችሁ ካልሞላችሁት አይመዘግብም። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም የገጽ ጣራ ማድረግ ይቻላል። «ጆብ-ፔጅ-ሊሚት» ብዛቱን፣ «ጆብ-ኮታ-ፒሪየድ» ጊዜውን በሰከንድ ይወስናል። ሳምንት 604800 ሰከንድ ነው። ይህ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስም ለሚገባበት ቢሮ ይሠራል። ኮፒ ቤት ውስጥ ሁሉም ሥራ በአንድ ስም ስለሚሄድ አይጠቅምም። ቆጠራውም ድራይቨሩ በሚናገረው ላይ የተመሠረተ ነው። ሂሳብ የምትዘጉት ፕሪንተሩ ራሱ በሚያወጣው የቆጣሪ ገጽ ይሁን፣ የካፕሱን ለማመሳከሪያ ያዙት።

አዲስ ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት

የካፕስ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ከወዲሁ ይታወቃል። ለየሞዴሉ የሚጫኑት «ፒፒዲ» የሚባሉ ፋይሎች በሚመጣው ካፕስ 3 ይቀራሉ። ፕሪንተሩ አይፒፒን በራሱ የሚያውቅ ከሆነ ድራይቨር አይፈልግም፣ ካፕስ ራሱ አግኝቶ ይነጋገረዋል። አሮጌዎቹ ደግሞ በመሃል አስተርጓሚ የሚሆን ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል። ያላችሁ ማሽን የሚሠራ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ አትጣሉት። አሁን ያለው ካፕስ 2 ያሠራዋል። ልትገዙ ከሆነ ግን ካርቶኑ ላይ «ኤርፕሪንት» ወይም «አይፒፒ ኤቭሪዌር» የሚል መኖሩን እዩ። ከሌለ ዋጋው ቢያጓጓም እለፉት። ካለም የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለውን ምረጡ፤ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራው ሁልጊዜ አንድ ኮምፒውተር ላይ ታስሮ ይኖራል፣ ያ ኮምፒውተር ሲጠገን እሱም አብሮ ይቆማል።